ለመውጫ የሚያስፈልግ መሣሪያ

አብራሪ ነኝ የሚል ሰው ልጄን ሊያገባ ሽማግሌ በላከብኝ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብሁት «ቀጣፊ ነው» ብዬ ነው። ምክንያት ነበረኝ። ሰቆጣ ተቀምጬ ራዲዮና ስልክ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የፀሐይ መብራት ስጠግን ብዙ ዓይነት ሰው በሱቄ ደጃፍ አልፏል። መሐንዲስ ነኝ ብሎ ጉድጓድ ሊያስቆፍረን የመጣ ነበር። ሐኪም ነኝ ብሎ የዓይን ጠብታ የሸጠ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የእርዳታ ሠራተኛ ነኝ ብሎ ስማችንን መዝግቦ የጠፋ ነበር። ሁሉም ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ሲናገሩም አንዱም አልተደናቀፈም። ከዚያ ወዲህ ንጹሕ ሸሚዝና የማይደናቀፍ ንግግር አብረው ሲመጡ እጄን ኪሴ ላይ አደርጋለሁ።

ልጄ ባሕር ዳር አዋላጅ ነርስ ናት። ሰውየውን እዚያ እንዳወቀችው ለእናቷ ነግራታለች፤ ለእኔ አልነገረችኝም። ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። አንዱ የከተማችን ጡረተኛ መምህር ነው። ሁለተኛው በቅርቡ ወደ ደብራችን የተዛወሩ ቄስ ናቸው። ሦስተኛው በዚሁ መንገድ የሚመላለስ ሹፌር ነው። እንደ ወጉ ቁጭ በሉ እስኪባሉ ድረስ ቆመው ቆዩና፣ የንግግሩን ነገር ለመምህሩ ተዉለት። መምህሩ ደግሞ ንግግር አያልቅበትም። ሰውየው ረዳት አብራሪ ነው። ያደገው አዲስ አበባ፣ የወላጆቹ አገር ወደ ጎንደር ነው። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ጾም አይገድፍም።

«ሰማዩን እንደ ጓሮው ነው የሚያውቀው» አለ መምህሩ።

«ምድር ላይስ ማንን ያውቃል?»

«እኛን።»

«እናንተን ከመቼ ወዲህ?»

መምህሩ ሳቀ። «አንተ ሰው፣ እኛ የመጣነው ለሽምግልና ነው ወይስ ለምርመራ?»

በመጀመሪያው ቀን እሺም እምቢም አይባልም፤ «እንምከርበት» ተብሎ ይሸኛል። እኔም እንዲሁ አልሁ። አንድ ነገር ግን ጨመርሁ። ሲመለሱ ሰውየውን ራሱን ይዘው እንዲመጡ ጠየቅሁ። ይህ ከወግ የወጣ ነው፤ ቄሱ ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ላይ አየሁ። እኔ ግን ከፍቼ ያላየሁትን ዕቃ ደኅና ነው ብዬ አላውቅም።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ያስጨነቀኝ መፈተኛው ነው። ገበሬ ነኝ የሚለውን ሞፈር አስይዘው ያዩታል። ግንበኛ ነኝ የሚለውን ድንጋይ ያስጠርቡታል። የሰማይ ሰው በምን ይፈተናል? ትምህርቴን ገና በልጅነቴ አቋርጫለሁ። እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ አንድ መዝገበ ቃላትና ከአሮጌ ራዲዮኖች ጋር የመጡ መመሪያዎች ናቸው። ኔትወርክ በሚኖርበት ቀን በስልኬ አውሮፕላን ደመና ውስጥ እንዴት እንደሚያርፍ መፈለግ ጀመርሁ። አብራሪዎች ለየማረፊያው አንድ አንድ ወረቀት እንዳላቸው አገኘሁ። መሬት በማይታይበት ጊዜ በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ የሚወርዱበት የመንገድ ካርታ ነው። የሌላ አገር ቢሆንም እንደ እኛ አገር በተራራ የተከበበ የአንድ ማረፊያ ካርታ መርጬ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድሁት።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ወጣት ሴት ናት። ስልኬን አየችና እጇን ከማሽኑ ላይ አነሣች።

«ጋሼ፣ ይሄ ተራራው ሁሉ ከነከፍታው የተጻፈበት ምንድን ነው?»

«የአውሮፕላን ካርታ ነው።»

«በዚህ ዘመን? እኔ እኮ ልጆች አሉኝ።»

«ልጄን የሚያገባትን ሰው ልፈትንበት ነው።»

«በድሮን ነው እንዴ የሚፈትኑት?»

የተራሮቹ ስም የእኛ አገር ስም እንዳልሆነ አንድ በአንድ እያነበብሁ አሳየኋት። በመጨረሻ አተመችልኝ። ወረቀቱን ስትሰጠኝ ግን «እኔ ጋ አላተሙም» አለችኝ። አልፈረድሁባትም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እንዲሁ እላለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ሲቀዘቅዝ ወረቀቱን መያዝ ሆነ። መካከሉ ላይ መንገዱ ከላይ እንደሚታይ ተሥሏል። ከሥር ደግሞ ከጎን ሲታይ እንደ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል። በላይኛው ጥግ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ማስታወሻ አለ፤ በዚህ መንገድ የሚወርድ አውሮፕላን የግድ ሊኖረው የሚገባውን መሣሪያ ይናገራል። ማስታወሻው ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው አውሮፕላኑ ከምድር ጣቢያው ምን ያህል እንደራቀ የሚለካ መሣሪያ ነው። ሁለተኛው መርፌው ወደ አንድ የራዲዮ ጣቢያ የሚያመለክት አሮጌ ዓይነት መቀበያ ነው። የመጀመሪያው ወዲያው ገባኝ። ደረጃዎቹ በርቀት ስለተለኩ ርቀቱን የማያውቅ ሰው ከደረጃው ይወድቃል። ሁለተኛው ግን አልገባኝም። የመውረጃውን መስመር በጣቴ ደጋግሜ ተከተልሁት፤ ከመነሻው እስከ ማረፊያው ድረስ ያ መርፌ የሚያገለግልበት ቦታ የለም።

ጠረጠርሁ። ወይ ከድሮ ወረቀት ሲገለብጡ የተረሳ ነው፣ ወይ መሣሪያውን የሚሸጠው ሰው ያስጻፈው ነው። የተጻፈ ሁሉ ምክንያት አለው ብዬ አላምንም፤ በቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስንት ነገር አንብቤአለሁ። ቢሆንም ጥያቄዬን አገኘሁ። መልሱን እኔም አላውቀውም፤ ይህም ተስማማኝ። መልሱን እያወቀ የሚጠይቅ ሰው ጆሮው ነው የሚሠራ፤ ሳያውቅ የሚጠይቅ ግን ዓይኑን ከሰውየው ፊት ላይ አይነቅልም።

በሁለተኛው ቀን አብረው መጡ። ሰውየው ቀጭንና ጠይም ነው፤ ተራ ሹራብ ለብሷል። የደንብ ልብስ ለብሶ ቢመጣ ተውሶት ነው እል ነበር። ሳይለብስ ስለመጣ የለውም አልሁ። ልጄ ለመጪው ዓመት በዓል ፈቃድ ወስዳ መጥታ ስለነበር ጓዳ ውስጥ ናት፤ የመጋረጃው ጫፍ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ሚስቴ ጠላ ስትቀዳ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና ሹክ አለችኝ። «ይሄ ጫጩት እኮ ነው። ራሱን ነፋስ እንዳይወስደው ነው የሚያሰጋ።» ባልና ሚስት በእንግዳ ፊት ምስጢር ስናወራ ሁልጊዜ በኽምጣና ነው። የሰውየው የአፍ ጥግ ግን ለሳቅ ፈልጎ ተመለሰ።

ኽምጣና የሚሰማ የጎንደር ሰው! በልቤ ያዝሁት።

ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁት። «ይህን ታውቀዋለህ?»

ወደ ብርሃኑ አዞረና ከሁሉ በፊት የወረቀቱን ጠርዝ አየ። «ጊዜው አልፎበታል» አለ። «በዚህ አንበርም ጋሼ።»

«እኔም አልበርበትም። ጥጉ ላይ ያለውን አንብብልኝ።»

አነበበው። ሁለቱንም መሣሪያዎች በአማርኛ አስረዳኝ፤ ካነበብሁት ጋር ገጠመ።

«ሁለተኛው ለምን ያስፈልጋል? የመውረጃው መንገድ ላይ ቦታ አላገኘሁለትም።»

ወረቀቱን እያዟዟረ አየ። ሲቆይ መምህሩ አልቻለም። «እንዴ፣ ይሄ ነገር ሽምግልና ነው የመንጃ ፈቃድ ፈተና?» አለ። ሹፌሩ «እኔም እንዲህ አልተጨነቅሁ!» ብሎ ሳቀ። እኔ ዓይኔን አላነሣሁም።

«ልክ ነዎት» አለ ሰውየው። «ለመውረጃው አያስፈልግም። ለመውጫው ነው።»

ወረቀቱን በመካከላችን አድርጎ በጣቱ አሳየኝ። እስከዚህ ከፍታ ድረስ ይወርዳሉ። እዚህ ሲደርሱ ሜዳው ከታያቸው ያርፋሉ። ደመናው ካልተገለጠ ግን ተመልሰው መውጣት አለባቸው። ተራራው በግራም በቀኝም ስላለ እንደፈለጉ መውጣት አይቻልም። መውጫው ይኸው የተቆራረጠው መስመር ነው። መስመሩ ወደ አንድ ጣቢያ ይወስዳል፤ እዚያ እየዞሩ ይጠብቃሉ። ያ ጣቢያ የሚገኘው በዚያች መርፌ ነው። እኔ ያን የተቆራረጠ መስመር የወሰን ምልክት መስሎኝ ነበር።

«መርፌዋ ብትበላሽስ? አየሩ ጥሩ ይሆናል ብላችሁ ብትገቡስ?»

«ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም። ሜዳው ይታያል፣ ይታረፋል፣ ማንም አያውቅም። ግን አንጀምረውም። ሌላ መንገድ እንፈልጋለን፤ ከሌለ ሌላ ከተማ እናርፋለን።»

«ተሳፋሪው ምን ይላል?»

«ይሰድበናል።»

ሰውየው አብራሪ ነው። ያን ሰዓት አመንሁ። ባምንም ልቤ አላረፈም፤ እንዲያውም ባሰበት። ቀጣፊ ቢሆን ኖሮ ሸኝቼ እገላገል ነበር። እውነተኛ አብራሪ፣ መውጫ ሳያውቅ ላለመግባት የተማረ ሰው፣ ስለ ትውልድ አገሩ ለምን ይዋሻል?

«እንግዲያው እኔም የእኛን ላሳይህ» አልሁት። «በእኛ አገር ከሽማግሌዎቹ አንዱ የግድ የሥጋ ዘመድ ይሆናል። ለምን ይመስልሃል?»

ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ፤ እኔው ቀጠልሁ።

«ልጅ ለማጋባት አያስፈልግም። ለማጋባት ይሄ መምህር ብቻውን ይበቃል፤ በምላሱ አገር ያጋባል። ዘመድ የሚፈለገው ለጠብ ቀን ነው። ልጄ እያለቀሰች የመጣች ዕለት የማንን ደጅ ነው የማንኳኳው? የሹፌሩን?»

«እኔ ደጅ የለኝም ጋሼ» አለ ሹፌሩ። «መኪናዬ ውስጥ ነው የማድረው።»

«አባትህ በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«የት?»

መምህሩ ቶሎ ብሎ «ነገርንህ እኮ፣ ወደ ጎንደር…» ሲል ሰውየው ጉልበቱን ያዘው።

«እዚሁ ጎረቤት ወረዳ፣ ደሃና ነው» አለ። ከዚያ ወደ ሚስቴ ዞሮ፣ በእኛው በኽምጣና፣ ቅድም ያለችውን እንደሰማ በአክብሮት ነገራት። ሚስቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እሱ ግን አልጨረሰም። «አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነው።»

አገራችንን ለማያውቅ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ልናገር። ማረሻችንን የሚሠራው ቀጥቃጭ ነው። ማጭዱም፣ መጥረቢያውም፣ የበራችን ማጠፊያም የእሱ ሥራ ነው። ያለ እሱ አንድ ማሳ አይታረስም። ልጅ ግን አንሰጠውም፤ ከእሱም አንወስድም። ልጅ ሲታመም የቀጥቃጭ ዓይን በላው ይባላል። በቤተ ክርስቲያን ይህ ኃጢአት ነው ሲሉ ሰምተን አሜን እንላለን፤ ከቅጥሩ ወጥተን ልጆቻችንን እንሸሽጋለን። እኔ ለልጆቼ ይህ ድንቁርና ነው እያልሁ አሳድጌአቸዋለሁ። ያን ቀን ግን ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እጄ ሳላዝዛት ዋንጫዬን ወደ ራሴ ሳበች። ማንም ሳያይ በቀረ ብዬ ተመኘሁ። እሱ ግን አይቷል።

ቄሱ «እኔ አልተነገረኝም» አሉ። መምህሩ ደግሞ «ሽማግሌ ማሳመር ወጉ ነው፤ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ። ልጄ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«አትናገር ያልሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«አባባ፣ እርስዎን ስለማውቅዎ።»

ከዚህ የከበደ ነገር ከልጆቼ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ውሸት በቤቴ ውስጥ ትልቁ ጥፋት ነው፤ ይህን እሷም ታውቃለች። ይህን እያወቀች ከእውነቱ ይልቅ ውሸቱ ይሻላል ብላ የፈረደች ከእኔ የተነሣ ነው። ፍርዷም የተሳሳተ ነው ለማለት ድፍረት አጣሁ፤ ዋንጫው ገና ከደረቴ ሥር ነበር።

«አባትህን ይዘህ ና» አልሁት። «ያለ እሱ አልጀምርም።»

«ቢመጣ ያስገቡታል?»

«ሲመጣ ታያለህ።»

ይህ የጀግና መልስ አልነበረም። የምሠራውን ስለማላውቅ ነው እንዲያ ያልሁት።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሚስቴ አላሳረፈችኝም። «አንተ ሰው፣ ምን አስቸኮለህ? ልጁ ጥሩ ነው፤ ጎንደር ነው ብለን ብንተወው ማን ይጠይቀናል? ባሕር ዳር ነው የሚኖሩት። አባቱን ስትጠራ ግን ገበያው ሁሉ ያያል።» እውነቷን ነው። አባትየው ካልመጣ ነገሩ ተደብቆ ይቀራል፤ ሰርጉም ያምራል። አባትየው ከመጣ ልጄ የቀጥቃጭ ምራት መሆኗ ከሰቆጣ እስከ ደሃና ይወራል። ከዚያ ቀን በኋላ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ሽቦ ስበይድ ራሴን እመረምር ነበር። እውነት ፈልጌ ነው የጠራሁት፣ ወይስ አፍሮ እንዲቀር? መልሱ አንድ ቀን እንዲህ፣ በማግስቱ እንዲያ ይሆንብኛል። እንዳይመጣ የተመኘሁበት ጊዜ ነበረ።

በገበያ ቀን መጣ። ልጁ ቀድሞ ገብቶ «አልገባም ብሏል፤ ውጭ ነው» አለኝ። ወጣሁ። ሽማግሌው ከአጥሬ በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከክንዱ እስከ አንጓው ድረስ እሳት የነካው ጠባሳ አለ። ከልጁ ይልቅ ደንዳና ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ተባባልን።

«ይግቡ እንጂ።»

«እዚህ ይበቃኛል። ድንጋዩም ለምዶኛል።»

«አሁን ተቀምጠው መቼ ለመደዎት?»

«ድንጋይ ሁሉ ዘመዴ ነው ጌታዬ። በሄድሁበት አገር የምቀመጠው ውጭ ነው።»

ውኃ ቀድተው የሚመለሱ የሰፈሩ ሴቶች ጀሪካናቸውን አውርደው ያረፉ መሰሉ። የሚያርፉበት ቦታ ግን ያ አልነበረም። ሽማግሌውም አይቷቸዋል፤ ድምፁን ግን አልቀነሰም።

«ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «ልጄ ደኅና ሰዎች ናቸው ብሎኛል። እኔ ግን ሰው ቶሎ አላምንም።»

ያን ሲል ወደድሁት።

«እግዜር ፈቅዶ ቢወልዱ፣ ሕፃኑም አንድ ቀን ቢያተኩሰው፣ በዚህ ቤት ማን በላው ይባላል?»

ማንም አይባልም ልለው ስል ዘወር አልሁ። ሚስቴ ከኋላዬ መጥታ ቆማለች። «እኔ እንዲያ አልልም» አልሁ። «ለሚስቴ ግን መማል አልችልም። እሷን ይጠይቋት።»

«እኔማ ሐኪም ቤት ነው የምወስደው» አለች ሚስቴ ቶሎ ብላ። «እናቱ ነርስ አይደለች?» ሽማግሌው ዓይኑን ከእሷ አላነሣም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «ቢሆንም በልቤ ሊመጣብኝ ይችላል። ያደግሁት በዚያው ነው። ከመጣብኝ ግን ለአንቱ ነው የምነግር፤ ለጎረቤት አልነግርም።»

«ይሄ ይሻላል» አለ ሽማግሌው። «አይመጣብኝም ብትይ ኖሮ አሁኑኑ ደሃና እመለስ ነበር።»

ተነሥቶ ነጠላውን አስተካከለ። በአጥሩ በር ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ሚስቴም እየመራች አስገባችው። እኔ በር ላይ ቀረሁ። ከሴቶቹ አንዷ፣ ከሁሉም የምትቀርበን፣ ጀሪካኗን ትታ ጠጋ አለች።

«እንግዳ መጣላችሁ?»

«አዎ። ልጁ ልጄን ሊያገባ ነው።»

«እሰይ! አገሩ ወዴት ነው?»

ወደ ጎንደር ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። መምህሩ ቢሆን እስካሁን ዘሩን ሁሉ ቆጥሮላት ነበር።

«ደሃና ነው» አልሁ። «ብረት ቀጥቃጭ ነው።»

«እህ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ጀሪካኗን አንሥታ ሄደች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ትንሽ እንደሄዱ አንዷ ዞራ አየችኝ። በማግስቱ ከደንበኞቼ ማን እንደሚመጣ ማን እንደሚቀር አላወቅሁም፤ የሚቀር እንደሚኖር ግን እርግጠኛ ነበርሁ።

ገብቼ ከሽማግሌው ጎን ተቀመጥሁ። ሚስቴ ከጓዳ ሆና ለሴቲቱ ምን እንዳልኋት ጠየቀችኝ። ነገርኋት።

«በል እንግዲህ» አለች። ከዚያም ልጃችንን ጠርታ፣ ለበዓሉ የተቀመጠውን ደኅናውን ጠላ እንድትከፍት አዘዘቻት።